ስደት የናፈቀው ፍራሽ ሰፊ

ፍራሽ ሰፊው ባመነ በማግስቱ ወደ ሥራ የሄደው ለመመታት ተዘጋጅቶ ነው። ዱላው ሲያርፍበት እንዲያበርድለት ከሸሚዙ ሥር ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቧል። መነጽሩንም አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት።

"ይሰብሩብኛል" አላት።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። ሰው ሲጮኽ ተረጋግቶ መቆም ሙያዋ ነው። ከእሱ ብዙ ዓመት ቀድማ ያመነች በመሆኗም ነገሩ አላስደነቃትም። መነጽሩን መልሳ ኪሱ ከተተችለትና "ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ና" ብላ ሸኘችው።

ሰፊው ሲባል ወፍራም ሰው እንዳይመስላችሁ። ሰፊ የሆነው በሙያው ነው እንጂ እሱስ ገርበብ ባለ በር ሳይነካካ የሚያልፍ ቀጭን ነው። የሥራ ጓደኞቹ በዚሁ ይቀልዱበታል፤ ጉንፋን በያዘው ቁጥር "ሰፊው ጠበበ" ይባባላሉ።

ሹራብ ያስደረበው ነገር እንዲህ ነው። በጸሎት ቤቱ ለአዲስ አማኞች በሚሰጠው ትምህርት ላይ መጋቢው "ክርስቶስን የተከተለ ሰው ስደት ያገኘዋል፤ ጠላትም ዝም ብሎ አያየውም" ሲሉ ሰምቷል። የቀረውን ትምህርት ረሳው። ይቺ ግን እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች።

የሚሠራበት ፍራሽ ቤት አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። በአንደኛው ጫፍ መፍጫ ማሽኑ ያጓራል፣ መሐል ላይ ሴቶቹ የፍራሹን ሆድ እየጠቀጠቁ ይሞላሉ፣ በሌላኛው ጫፍ እሱ በትልቁ መርፌ አፉን ይዘጋል። አየሩ ሁሉ ብናኝ ስለሆነ ጠዋት ጥቁር ፀጉር ይዞ የገባ ሰው ለምሳ ሲወጣ ሸብቶ ነው። ሰፊው የተደረደሩት ፍራሾች ላይ ወጥቶ ቆመና ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

"ትናንት ክርስቶስን ተቀብያለሁ! እንግዲህ የምታደርጉትን አድርጉ!"

ማሽኑ ቆመ። ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ።

"እሰይ!" አለች እትዬ። እትዬ ፍራሹን የሚሞሉት የሞይዎቹ አለቃ ናት፤ ጉልበቷ የሚያማት፣ ድምፅዋ ግን ከማሽኑ የሚበልጥ ሴት። "ሰሞኑን ፊትህ ልክ አልነበረም፤ እኔማ የባሰ ነገር መስሎኝ ነበር። እንኳን ደስ ያለህ!"

የፍራሽ ቤቱ ባለቤት ከመስታወት ክፍላቸው ወጡ። ሠራተኛው ሁሉ "አባባ" ነው የሚላቸው፤ ሳቂታ፣ ለሰው የሚራሩ፣ የታመመ ሠራተኛ ቤት ድረስ ሄደው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ሰፊውን ከፍራሹ አውርደው አቀፉት።

"አማኝ ሠራተኛ ማግኘት መታደል ነው ልጄ" አሉና የክሩን ቁም ሳጥን ቁልፍ በእጁ አስያዙት። ሰፊው በደረበው ሹራብ ውስጥ እስከ ማታ ሲቀቀል ዋለ።

ሻይ ሰዓት ላይ ፍራሽ የሚያመላልሰው ሹፌር አጠገቡ ተቀመጠ። ሹፌሩ አማቱ ቤት ተጠግቶ የሚኖር፣ ነገር ገብቶት የማያውቅ የሚመስል፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

"ምነው ከፋህ?"

"ስደት እየጠበቅኩ ነው።"

"አትለኝም! የት አገር?"

"እዚሁ ነው እንጂ።"

"እዚሁ ስደት አለ እንዴ?" አለ ሹፌሩ በጣም ተገርሞ። "ታዲያ ቪዛ አይጠይቁም?"

ሰፊው ሊያስረዳው ሞከረ፤ አልሆነም። ማታ ላይ ሰፊው አገር ጥሎ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ አዳራሹን ሞላው። በማግስቱ እትዬ ከገዛ ቤቷ አሮጌ ሻንጣ ይዛለት መጣች። መያዣው በገመድ የታሰረ ነው። "ሳትሰናበተን እንዳትሄድ" ብላ እንባዋ መጣ። ሰፊው አመስግኖ ተቀበላት፤ ምን ያድርግ?

እሁድ በጸሎት ቤቱ የምስክርነት ጊዜ ነበር። አንዲት ሴት በማመኗ ወንድሞቿ አልጋዋን ከነአንሶላው ደጅ እንዳወጡባት ተናገረች። አንድ ጎረምሳ አባቱ "ልጄ አይደለህም" ብለው በር እንደዘጉበት ተናግሮ ሲያለቅስ ጉባኤው አብሮት አለቀሰ። ሰፊውም አለቀሰ፤ የእሱ ልቅሶ ግን ግማሹ ቅናት ነው። ሳያስበው እጁን አወጣ። የሚናገረው እንደሌለው ትዝ ያለው ብድግ ብሎ ከቆመ በኋላ ነው።

"በእኔም ላይ... ጠላት ተነሥቶብኛል" አለ። "ማክሰኞ ዕለት ሻይ ተደፋብኝ።"

ጉባኤው ቀጣዩን ጠበቀ።

"ትኩስ ነበር" ብሎ ጨመረበት።

ከኋላ አንድ ሰው ለይሉኝታ ያህል "አሜን" አለ። ሚስቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ከዚህ በኋላ ተስፋው ሁሉ አጎቱ ላይ ወደቀ። አጎቱ በዘመድ አዝማዱ ዘንድ የታወቁ ቁጡ ናቸው። አማኝ ጎረቤታቸውን አንድ ጊዜ በመጥረጊያ እስከ አስፋልቱ ድረስ አባርረዋል። "ከዘሬ ይህን ነገር የነካ ሰው ደጄን አይረግጥም" ሲሉ ቤተ ዘመዱ በሙሉ ሰምቷል። ሰፊው ሲደርስ አጎቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ።

"ጋሼ፣ ከባድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ይቀመጡ።"

"ተቀምጫለሁ እኮ።"

"አምኛለሁ።"

አጎቱ ትክ ብለው አዩት። ሰፊው ትከሻውን ሰብስቦ ጠበቀ።

"እና?" አሉት።

"እና... ክርስቶስን እከተላለሁ ነው የምልዎት። እርስዎ ደግሞ ደጄን አይረግጥም ብለው ነበር። በመጥረጊያም..."

"አይ፣ እሱ ድሮ ነው የኔ ልጅ። ሐኪሙ አትቆጣ ብሎኛል። ደሜ ሽቅብ ይወጣል።"

"ትንሽም አይቆጡም?"

"ትንሽም።"

"እስቲ ይሞክሩ ጋሼ። ለእኔ ሲሉ።"

የአጎቱን አንጀት በላ። ብድግ ብለው ከበሩ ኋላ መጥረጊያውን አነሡና ትከሻውን ቸብ፣ ቸብ አደረጉት፤ አቧራ እንደሚያራግፉ ሁሉ። "በቃህ?" አሉት። ከዚያ ምሳ ሳትበላ አልለቅህም ብለው ያዙት።

በፍራሽ ቤቱ ደግሞ ሌላ ዘዴ ሞከረ። ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ጣሪያው እስኪነቃነቅ መጸለይ ጀመረ። ሰው ይሰድበኛል፣ ቢያንስ ዝም በል ይለኛል ብሎ ነው። ሠራተኞቹ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። ሲጨርስ እትዬ "የእኔን ጉልበት ረሳኸው" አለችው። ጨመረላት። ለዓመታት አላስቀምጥ ያላት የጉልበት ሕመም ሰነባብቶ ለቀቃት። ከዚያማ ሰልፍ ሆነ። የወገብ ሕመምተኛ፣ ባሏ የጠፋባት፣ ልጁ ፈተና የወደቀበት፣ ሁሉም ምሳውን በእጁ ይዞ ይሰለፋል። አባባ ይህን ሲያዩ አንዷን ትንሽ መጋዘን አስለቅቀው ቀለም አስቀቡለት፤ የጸሎት ክፍል ትሁን አሉ። ሰፊው አዲስ በተቀባችው ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ እንባው መጣ። የሚጠላው ሰው በምድር ላይ አጣ።

ሄዶ ለመጋቢው ነገራቸው።

"እምነቴ የውሸት ሳይሆን አይቀርም።"

"ምን ተገኘ?"

"የሚያሳድደኝ ጠፋ። ሰው ሁሉ ይወደኛል።"

መጋቢው ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር አሰሩ። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም።

"ወንድሜ፣ ስደት እየዞሩ የሚለቅሙት ነገር አይደለም። አንተ ስለጮኽህ ጠላት ምን ጎደለበት? እሱ የሚነሣው የያዘውን ነገር ስትነካበት ነው። አንተ ዝም ብለህ በእውነት ኑር። ስደቱ ጠይቆም ቢሆን ቤትህን ያገኘዋል።"

ሰፊው ቅር እያለው ወጣ። ሌላ የተሻለ ዘዴ ይነግሩኛል ብሎ ነበር።

አሁን ስለ ሥራው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፍራሹ ተሞልቶ አፉ ከተዘጋ በኋላ ጥጉ ላይ "መቶ በመቶ ንጹሕ ጥጥ" ተብሎ የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ ትሰፋበታለች። ውስጡ ያለው ግን ከልብስ ሰፊዎች ደጅ የተለቀመ ቅዳጅ፣ የተበጣጠሰ ጆንያና ያረጀ መጋረጃ ነው፤ ማሽኑ አብሮ ይፈጨዋል። በፍራሽ ቤቱ ይህ ሁሉ ስሙ ጥጥ ነው። "ጥጥ አምጡ" ሲባል ጆንያ ይመጣል። "ጥጡ ረጥቧል" ሲባል መጋረጃው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሰፊውም ዕድሜውን ሙሉ ጥጥ ሲል ኖሯል። ውሸት ነው ብሎ ያሰበ አንድም ሰው የለም፤ ስሙ ነው በቃ።

መጋቢውን ባነጋገረ ማግስት መዝሙር እያንጎራጎረ ያቺን ቁራጭ ጨርቅ ሊሰፋ መርፌውን ሲወጋ አልገባ አለው። ቢገፋው እንቢ አለ። ስፌቱን ፈታ አድርጎ እጁን ሰደደና ጎተተ። የጫማ ሶል ወጣ። ማሽኑ ያልበገረው ሙሉ ሶል ነው፣ ተረከዙ ላይ ያለው ሚስማር እንኳ አልወለቀም።

ሶሉን አየ። ቁራጯን ጨርቅ አየ። መዝሙሩ አፉ ላይ ቀረ። ጀግንነት የሚባል ነገር አልተሰማውም። ደግሞ ሊሰፋ ሞከረ፤ እጁ አልታዘዝ አለ። ሶሉን ይዞ ወደ መስታወቱ ክፍል ሄደና በሹክሹክታ ተናገረ።

"አባባ፣ ፍራሹን እሰፋለሁ። ይቺን ጽሑፍ ግን ሌላ ሰው ይስፋልኝ።"

"ምነው ልጄ፣ ዓይንህን አመመህ?"

"አይ። ጥጥ አይደለማ።"

አባባ ፈገግ እንዳሉ ቀሩ። ፈገግታው ፊታቸው ላይ ነበረ፤ እሳቸው ግን ከኋላው ሄደዋል።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ቅዳጅ ነው። ይሄ ደግሞ ሶል ነው።"

አባባ ሶሉን ተቀብለው ወደ አዳራሹ ወጡ። ማሽኑን አስቆሙ። "ኑ፣ ሁላችሁም ኑ" አሉ። ሶሉን ለእትዬ ሰጧት።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

እትዬ ሶሉን አገላብጣ አየችው። "ጥጥ ነው አባባ።"

"አቀብያት።"

ቀጥላ ያለችው ሴት ዳበሰችው። "ጥጥ ነው። ያውም ለስላሳ።"

ሶሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ "የአንደኛ ደረጃ ጥጥ" አለ። ሌላዋ ጉንጯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሚስማሩ ሲወጋት እንኳ ትንፍሽ አላለችም። መጨረሻ ሹፌሩ ጋ ደረሰ። ሹፌሩ ሶሉን ይዞ ብዙ ቆየ። እግሩን አንሥቶ የገዛ ጫማውን ሶል አየ፤ በእጁ ያለውን አየ።

"ምንድን ነው?" አሉት አባባ።

"ጥጥ..." አለ ሹፌሩ፤ ሶሉንም ፈጥኖ ለአባባ መለሰላቸው።

"ሰማህ?" አሉ አባባ ወደ ሰፊው ዞረው። "ይሄ ሁሉ ሰው ውሸታም ነው ማለትህ ነው?"

"እኔ ስለ ሰው አልተናገርኩም አባባ። ስለ ፍራሹ ነው የተናገርኩት።"

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው። ማታ ሲወጣ ደህና እደር ያለው የለም። በማግስቱ ወንበሩ ከቦታው ጠፋች፤ ቆሞ ሰፋ። የጸሎት ክፍሏ እስከ ጣሪያዋ ድረስ በጆንያ ተሞላች። ያ ሁሉ ምሳ ይዞ የሚሰለፍ ሰው እሱ ሲቀመጥ እየተነሣ ሌላ ቦታ ይቀመጥ ጀመር። ጀርባው ላይ በጠመኔ "ቅዳጅ" ብለው ጽፈውበት በዚያው ከተማውን አቋርጦ ቤቱ ገባ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስሙም ቅዳጅ ሆነ። እትዬም "ጉልበቴ ተመልሶ ያዘኝ፤ መጀመሪያውንም ያዳነኝ በተንኮል ነው" ብላ በየሰዉ ጆሮ አወራች። የሰጠችውን ሻንጣ እንዲመልስላት ጠየቀች። ሲያመጣላት ደግሞ "ምነው አትሄድም እንዴ? እኛ እኮ ሸኝተንህ ነበር!" ብላ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮኸችበት።

የሚገርመው ነገር፣ ሰፊው ምን እንደ መጣበት አላወቀም። አንድ ቀን ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ሚስቱ ፊት ቁጭ አለ።

"ሰዎቹ ምን ሆነው ነው? ምን አድርጌያቸው ነው? አልሰደብኳቸው፣ አልከሰስኳቸው። እንዲያውም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት።"

ሚስቱ ድስቱን ከእሳት አወረደችና ሳቀች። እስክትቀመጥ ሳቀች።

"ምን ያስቅሻል?"

"ሹራብ ደርበህ ስትጠብቀው የከረምከው መጣ እኮ!"

"ማ?"

"ስደቱ ነዋ!"

"ኧረ አይደለም!" አለ ሰፊው ተናዶ። "ስደት በእምነት ምክንያት ነው የሚመጣው። የእኔ በፍራሽ ምክንያት ነው።"

"ድሮስ ያቺን ጨርቅ ትሰፋት አልነበር?"

"እሰፋ ነበር።"

"አሁን እጅህን የያዘው ማነው ታዲያ?"

ሰፊው እጁን አገላብጦ አየው። ከዚያ "እኔ እኮ እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ" አለ። "የሚያኮራ ነገር መስሎኝ ነበር። ይሄ ያሳፍራል እንጂ አያኮራም።" ሚስቱ ያን ጊዜ ሳቋን አቆመች። ጀርባው ላይ ያለውን ጠመኔ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግለት ጀመር።

በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ የመዘምራኑ መሪ ቤታቸው መጣ። መሪው ድምፁ የሚያስለቅስ፣ በጸሎት ቤቱ የተከበረ ሰው ነው፤ መተዳደሪያው የፍራሽ ሱቅ ነው። ፍራሹን የሚያመጣው ከአባባ ነው። ወሬው ወጥቶ ገዢዎች የፍራሻቸውን ጥግ በምላጭ እየቀደዱ ማየት ጀምረዋል።

"ወንድሜ፣ በፍቅር ልገሥጽህ ነው የመጣሁት" አለ። "ትሕትና ጎድሎሃል። መጽናናት ያገኘን ሰው ከፍራሹ ላይ ማስነሣት የማን ሥራ ይመስልሃል?"

"ሶል አግኝቼ ነው እኮ" አለ ሰፊው።

"አየህ፣ አንተ ሶል ነው የምታየው። በእምነት ያየ ሰው ጥጥ ያያል።"

ሰፊው ይህን ለማሰብ ሞከረ። ሚስቱ ግን ብድግ ብላ በሩን ከፈተች። "በእምነት ያየ ሰው ይህን በር የተዘጋ አድርጎ ያየዋል" አለችው መሪውን። ወጣ።

እሁድ መሪው ሰፊውን በስሙ ጠርቶ ወደ ፊት አወጣውና የመከፋፈል መንፈስ እንዲለቀው ጉባኤው እጁን እንዲዘረጋ አደረገ። በጸሎቱ መሐል የሰፊውን ማጅራት ይዞ ቁልቁል ተጫነው። ሰፊው ከቀጭንነቱ የተነሣ ታጥፎ ግንባሩ ጉልበቱን ነካ። "ልቀቅ!" ይላል መሪው። "አንተ ልቀቀኝ እንጂ!" ይላል ሰፊው ከታች። መጋቢው ከወንበራቸው ተነሥተው የመሪውን እጅ ከሰውየው አንገት ላይ አነሡ። ከዚያም ሰፊውን ክንዱን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት። የሚቀጥለው እሁድ መሪው ግማሹን መዘምራን ይዞ ሌላ ጸሎት ቤት ሄደ። የቀሩት ወፍራም ድምፅ የሌላቸው ስለሆኑ መዝሙሩ ለብዙ ጊዜ ሲጮኽ እንጂ ሲዘመር አይመስልም ነበር። ለዚህም የተወቀሰው ሰፊው ነው።

ከዚያ አባባ ጠሩት።

መስታወቱ ክፍል ሲገባ መጋረጃው ተጋርዷል። አባባ ቀልጠዋል፤ ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ፂማቸውን አልተላጩም። ሰፊው በሆዱ ቂም ይዞ ነበር የገባው፤ ሲያያቸው ቂሙ የት እንደገባ ጠፋው።

"በማመንህ ተቆጥቼህ አውቃለሁ?" አሉት።

"ኧረ በጭራሽ አባባ።"

"ስትጮኽ ማሽን አላስቆምኩልህም? ክፍል አልሰጠሁህም?"

"ሰጥተውኛል።"

"ታዲያ ምን አደረግኩህ?" ድምፃቸው ተሰበረ። "እኔ እኮ የምተኛው በራሴ ፍራሽ ላይ ነው። በጥሩ ሁኔታ እተኛ ነበር። አንተ ያን ቃል ከተናገርክ ወዲህ አንድ ነገር ጎኔን ይወጋኛል። ባለቤቴ ምንም የለም ትላለች። ገለበጥነው፤ ይወጋኛል። መሬት ላይ ተኛሁ፤ መሬቱም ይወጋኛል። ወንበር ላይ ተቀምጬ እንኳ ይወጋኛል። አንተን ባየሁህ ቁጥር ደግሞ ይብስብኛል። ሳትሰድበኝ፣ ሳትናገረኝ፣ ዝም ብለህ ስትሰፋ ሳይህ ነው የሚብሰኝ። ገባህ?"

ገባው። ያን ጊዜ መጋቢው የነገሩት ሁሉ እንደ አዲስ ገባው። ሰዎቹ የተነሡት እሱን ጠልተው አይደለም፤ እሱ ቀጭኑ ሰውዬ ምን ይጠላል? የነቃ ሰው አጠገባቸው ሲቆም መተኛት ስላልቻሉ ነው። እሱ ራሱ ሶሉ እስኪወጋው ድረስ ስንት ዓመት እዚያው አብሯቸው ተኝቶ ነበር። ከጀርባቸው ሆኖ እሹሩሩ የሚላቸው ጠላት መኖሩንም አሰበ።

"አባባ" አለ፣ "እኔ በገዛ እጄ ፍራሽ ልሥራልዎት? በእውነተኛ ጥጥ?"

አባባ ለአፍታ ፊታቸው በራ። ሊያቅፉት እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ በመስታወቱ በኩል አዳራሹን አዩ፤ ሞይዎቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። እጃቸውን መለሱ።

"ሂድልኝ ልጄ" አሉ። "ዛሬውኑ ሂድልኝ።" እያለቀሱ አባረሩት። ደረጃው ድረስ ሸኝተውታል፤ "ብርድ እንዳይመታህ" ብለው የሸሚዙን ኮሌታም ቆልፈውለታል። እትዬ ከኋላ "ቅዳጅ!" ስትል ሌሎቹ ተቀበሏት።

ሰፊው ከዚያ ወዲህ በቤቱ በረንዳ ላይ ፍራሽ ያድሳል። ጥጥ ሲያገኝ ጥጥ ይሞላል፤ ሲያጣ ጥጉ ላይ "ግማሹ ቅዳጅ ነው" ብሎ ጽፎ ይሰፋበታል። ገዢው ያነብና ይስቃል፤ አንዳንዱ ስቆ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ስቆ ይገዛል። ኑሮው ከበፊቱ ጠበብ ብሏል። ሚስቱ ተረኛ ስትሆን እራት የሚሠራው እሱ ነው፤ አበሳሰሉ የሚወራለት አይደለም። ስለ አባባ በጸለየ ቁጥር እንቅልፍ እንዲሰጣቸው ይለምንና ደግሞ ደንግጦ "አይ፣ ከነቁ በኋላ" ብሎ ያስተካክላል። አባባ መሸጡን አልተዉም። እንቅልፍም አልያዛቸውም ይባላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ መጣ። መኪናውን አልያዘም። በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጥጥ እየጨለፈ ይሞላለት ጀመር።

"ሥራውን ለቀቅኩ" አለ በመጨረሻ። "ያን ቀን ጥጥ ነው ካልኩ ወዲህ አፌ ይመረኛል። ቡና ይመረኛል፣ ውኃ ይመረኛል። አንተ ምንህን ይዘህ ነው ያን ሁሉ የቻልከው?"

ሰፊው እንደ ድሮው ፍራሽ ላይ ወጥቶ አልጮኸም። እየሰፋ፣ ቀስ እያለ፣ ስለ ክርስቶስ ነገረው። ሹፌሩም ያን ሳምንት በሙሉ እየመጣ ጠየቀ። ጥያቄው ደግሞ ነገር የማይገባው ሰው ጥያቄ አልነበረም። አንድ ቀን መርፌውን ከሰፊው እጅ ላይ ወስዶ አስቀመጠና "እኔም አምኛለሁ" አለ። "አሁን ሄጄ ለአማቴ ልነግራቸው ነው።"

የሹፌሩ አማት እንደ ሰፊው አጎት አይደሉም። ሐኪም አትቆጣ ያላቸው ሰው አይደሉም። ሰፊው ይህን ያውቃል።

"ዛሬ ነው እንዴ የምትነግራቸው?" አለ። "ትንሽ ቆይ። ሻይ ጠጣ መጀመሪያ። ደግሞ ምሳ ከበሉ በኋላ ቢሆን..."

"በቤታቸው እየኖርኩ ልደብቃቸው?"

"አይ፣ መደበቅስ አትደብቅም።" ሰፊው ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። "በል አብሬህ እሄዳለሁ። ውጪ እቆምልሃለሁ።"

አብረው ሄዱ። የአማቱ ቤት ቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነው። ሹፌሩ በሩን አንኳኩቶ ገባ። ሰፊው ግድግዳውን ተደግፎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልይ ጀመር። መጀመሪያ ድምፅ የለም። ቀጥሎ የሹፌሩ ድምፅ ተሰማ፣ አጭርና ጥርት ያለ። ከዚያ አንድ ነገር ተሰበረ፤ የአማቱ ጩኸት ግቢውን አናወጠው፤ ልብስ በመስኮት እየተወረወረ መውጣት ጀመረ። አንድ ሱሪ ሰፊው ራስ ላይ አረፈ።

ሰፊው ሱሪውን ከራሱ ላይ አንሥቶ በወጉ አጠፈው። መነጽሩን አስተካከለ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ።